የጀማሪ ነጋዴ ወረት በምን ያልቃል?

ከሐምሌ 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን ያለው ጊዜ የንግድ ሥራ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደስበት ወራት ነው። ዛሬ ብዙው ጉዳይ በኢንተርኔት የሚፈጸም ቢሆንም በነዚህ ወራት የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ደጃፍ ከባለ ጉዳይ አይጸዳም። ከመጡትም ሰዎች ሁሉም ፈቃዱን ሊያሳድስ የመጣ አይደለም፤ ሱቁን ከከፈተ ሁለተኛ ዓመቱን ሳይደፍን ፈቃዱን ሊመልስ የመጣም ይገኝበታል። እንዲህ ያለው ሰው ምን እንደ ደረሰበት ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ገበያ ጠፋ» የሚል ነው። ነገር ግን የሽያጭ መዝገቡ፣ መዝገብ ይዞ ከነበረ፣ ተገልጦ ሲታይ ነገሩ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ደንበኛ ነበረው፤ ዕቃውም ይሸጥ ነበር፤ የከሠረውም ሲሸጥ ሳለ ነው። ያለቀበት ወረቱ ነው።

ወረት የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ፍች እንዳለው አይዘነጋም። አንደኛው ለንግድ የሚውለው ገንዘብ ሲሆን ሁለተኛው ሰሞነኛ ፍቅር፣ ማለት አዲስ ነገር ሲያዩ የሚይዝና ቶሎ የሚበርድ ስሜት ነው። አዲስ ሱቅ ሲከፈት ሁለቱ በአንድ ቤት ይገናኛሉ፤ ብዙ ጊዜም ኋለኛው የፊተኛውን ይበላዋል። ለቀለሙ፣ ለመስተዋቱ፣ ለሚበራው የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚወጣው ገንዘብ ሱቁን ያሳምረዋል እንጂ ለደንበኛ የሚሸጥ ዕቃ አይሆንም።

ነገሩ በቁጥር ቢታይ ይገለጣል። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው 600,000 ብር ይዞ የቤት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ለመክፈት አሰበ እንበል። የሱቁ ኪራይ በወር 25,000 ብር ነው፤ አከራዩም የ6 ወር በቅድሚያ ስለሚጠይቅ 150,000 ብር ይከፈላል። ለመደርደሪያ፣ ለቀለም፣ ለመብራትና ለማስታወቂያ 130,000 ብር፤ ለምዝገባ፣ ለፈቃድ፣ ለውል፣ ለማኅተምና ለሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ በጠቅላላው 60,000 ብር ወጣ እንበል። ለክፉ ቀን የሚሆን 60,000 ብር በባንክ ቢያስቀምጥ ለዕቃ መግዣ የቀረው 200,000 ብር ብቻ ነው። ሰውየው በወዳጆቹ ዘንድ የ600,000 ብር ነጋዴ ተብሎ ይጠራል፤ በእውነቱ ግን የሚነግደው በሢሶው ነው።

አሁን ደግሞ በገዛበት ዋጋ ላይ 15 በመቶ ጨምሮ የሚሸጥ ቢሆንና ዕቃው ተሽጦ ለማለቅ 2 ወር ቢፈጅ በ2 ወር 30,000 ብር፣ በወር 15,000 ብር ያገኛል። የሠራተኛ ደመወዝ፣ መብራት፣ የጥበቃና ሌላውም ጥቃቅን ወጪ ተደምሮ በወር 15,000 ብር ቢሆን ገቢና ወጪው ልክ ለልክ ይሆናል። ስለዚህ ነጋዴው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ያተረፈም የከሠረም አይመስለውም፤ «ገና ጀማሪ ስለሆንኩ ይህም አይከፋም» ብሎ ይጽናናል። ነገር ግን አስቀድሞ የከፈለው ኪራይ በየወሩ 25,000 ብር ሲያልቅ በዓይኑ አላየውም። በ7ኛው ወር አከራዩ የሚቀጥለውን 6 ወር 150,000 ብር ሲጠይቀው ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ለክፉ ቀን ያስቀመጠው 60,000 ብር ተጨምሮ እንኳ 90,000 ብር ያህል ከዕቃው መነሣት አለበት። 200,000 ብር የነበረው ዕቃ 110,000 ይሆናል፤ መደርደሪያው ይሳሳል፤ ደንበኛውም የፈለገውን ሲያጣ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል። በዚህ ሁሉ መካከል የሰረቀ ሠራተኛ የለም፤ የተበላሸ ዕቃም የለም።

እንግዲህ ጀማሪው ሱቅ ከመከራየቱ በፊት ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ዕቃው በወር ስንት ጊዜ ይመላለሳል የሚለው ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ 40,000 ብር የሆነውን የወር ወጪ ከነኪራዩ ለመሸፈን ብቻ የ200,000 ብሩ ዕቃ በወር አንድ ጊዜና ሢሶ መሸጥ ይኖርበታል። ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና የሚሸጥ ቸርቻሪ ይህን ሊያደርግ ይችላል፤ ብርድ ልብስና ድስት የሚሸጥ ግን አይችልም። ስለዚህ ዝግ ብሎ የሚሸጥ ዕቃ የያዘ ሰው ወይ ሰፋ ያለ ትርፍ የሚያስገኝ ዕቃ መምረጥ፣ ወይ ኪራዩ ዝቅ ያለ ቦታ መፈለግ፣ ወይም ለጌጥ ያሰበውን ገንዘብ ለዕቃ ማዋል ይገባዋል። ከሦስቱ የመጨረሻው ከሁሉ ይቀላል፤ ከሁሉ ያነሰ ሰው የሚያደርገውም እርሱን ነው።

ወረቱ የሚመጣበትም መንገድ መመርመር አለበት። ከባንክ ለመበደር የቤት ወይም የሌላ ንብረት መያዣ ስለሚጠየቅ ጀማሪው በአብዛኛው የሚተማመነው በራሱ ቁጠባ፣ በዘመዶቹና በእቁብ ነው። እቁብ በአገራችን ነጋዴ ዘንድ የኖረ፣ መርካቶንም ካሳደጉት ነገሮች አንዱ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ሆኖም ብዙ ሰው እቁብን የሚያየው ዕጣ የሚወጣለትን ቀን በመናፈቅ ስለ ሆነ የነገሩን ባሕርይ ይስተዋል። ዕጣው በመጀመሪያ የወጣለት ሰው ተበዳሪ ነው፤ በመጨረሻ የወጣለት ግን አስቀማጭ ነው። የመጀመሪያው ዕጣ የደረሰው ጀማሪ ያን ገንዘብ ለመደርደሪያና ለቀለም ካዋለው ሱቁ ገና ሳይለመድ የየሳምንቱን መዋጮ ከሽያጩ መክፈል ይጀምራል። ዋስ የሆኑለትም ሰዎች ጎረቤት ነጋዴዎች ስለሆኑ መዋጮውን ቢያስተጓጉል የሚያጣው ስሙን ነው፤ ስሙን ያጣ ነጋዴ ደግሞ ከአከፋፋይ በዱቤ አያገኝም። ስለዚህ ብልህ ሰው ሱቁን ከመክፈቱ ዓመት አስቀድሞ እቁብ ይገባና ዕጣውን ወደ ኋላ ለማግኘት ይጥራል። ዕጣ ቀድሞ ሲወጣለትም አጣዳፊ ችግር ለያዘው የእቁብ ጓደኛ በጥቂት ትርፍ መሸጥ የተለመደ ነው። እንዲህ ያደረገ ሰው ሱቁን ሲከፍት ገንዘቡ በእጁ ነው፤ ዕዳውም የለበትም።

ከእቁቡ ቀጥሎ የሚመጣው ዱቤ ነው። በዚህ ረገድ የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ «ዱቤ አትስጥ» የሚል ሲሆን ምክሩ ጥሩ ቢሆንም በሥራ ላይ አይውልም፤ ዱቤ የማይሰጥ የሰፈር ሱቅ የለምና። የሚሻለው የዱቤን ዋጋ ማወቅ ነው። 100,000 ብር የተገዛ ዕቃ በ112,000 ብር የሚሸጥ ነጋዴ እጅ በእጅ ሸጦ ገንዘቡን በየወሩ ቢያመላልሰው በ4 ወር 48,000 ብር ያገኛል። ያንኑ ዕቃ በዱቤ ሰጥቶ ገንዘቡ በ4ኛው ወር ቢመለስለት ያገኘው 12,000 ብር ነው። 36,000 ብሩን ያጣው ደንበኛው ስለ ካደው አይደለም፤ ደንበኛው እስከ መጨረሻው ሳንቲም ከፍሎታል። ያም ሆኖ አከፋፋዩ ለዚህ ነጋዴ የሰጠው የ30 ቀን ጊዜ ከሆነና እርሱ ለደንበኛው የ120 ቀን ጊዜ ከሰጠ በመካከል ያለውን 90 ቀን የሚሸፍነው ሌላ ወረት ያሻዋል። ይህ ወረት የሌለው ሰው ከአንዱ ተበድሮ ለሌላው መክፈል ይጀምራል፤ ቀጥሎም በባንክ ገንዘብ ሳይኖረው የነገ ቀን የተጻፈበት ቼክ ይሰጣል። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ መሆኑን ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያውቁት ከፖሊስ ጥሪ በኋላ ነው። ቼክ ሲጻፍ የመክፈያ ቀን እንጂ የማባበያ ደብዳቤ አይደለም።

አከፋፋዩ ለጀማሪው ያለ መያዣ ዕቃ ሲሰጠው ደግሞ የሚያስደስት ቢመስልም ሣሩን አይቶ ገደሉን አለማየት እንዳይሆን ያሠጋል። በዱቤ የሚሰጠው ዕቃ አንዳንድ ጊዜ በሌላ ሱቅ አልሸጥ ብሎ የቀረ ነው፤ ዋጋውም እጅ በእጅ ከሚሸጥበት ከፍ ያለ ይሆናል። የሁለቱን ዋጋ ልዩነት በቀኑ ብዛት አካፍሎ የሚያሰላ ጀማሪ ከባንክ ወለድ የሚበልጥ ሆኖ ሲያገኘው ሊደነቅ አይገባም።

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ የብር ዋጋ ባለበት ጸንቶ በሚቆይበት ዘመንም እውነት ነው። በአገራችን ግን በቅርብ ዓመታት የብዙ ነጋዴ ወረት የተሸረሸረበት ሌላ ምክንያት አለ፤ አስመጪውንም ቸርቻሪውንም እኩል የሚነካ ስለሆነ በሰፊው ሊታይ ይገባል።

ከ1965 ዓ.ም. እስከ 1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ07 ሳንቲም ጸንቶ ቆየ። በዚያ ዘመን ንግድ የጀመረ ሰው ዛሬ የገዛውን ዕቃ በሚመጣው ዓመት በዚያው ዋጋ እንደሚተካው ማመኑ አያስነቅፈውም ነበር። በመስከረም 1985 ዓ.ም. የዶላር ዋጋ 5 ብር ሆነ። ከዚያም በ2002 ዓ.ም. መጨረሻና በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የብር ዋጋ በአንድ ጊዜ እንዲቀነስ ተደረገ፤ የኋለኛው ቅነሳ 15 በመቶ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነው ነው። በዚያ ቀን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ፈቀደ ከዚያ በፊት 57 ብር ከግማሽ ያህል የነበረው የባንክ ዶላር ወር ከመንፈቅ ሳይሞላ ከ100 ብር አለፈ፤ በ2017 ዓ.ም. ውስጥም ከ130 ብር በላይ ሆነ።

ይህ በሱቁ መደርደሪያ ላይ ምን አደረገ? አንድ አስመጪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት የ10,000 ዶላር ዕቃ በ57 ብር ሒሳብ በ570,000 ብር አስመጣ እንበል፤ ነገሩ እንዲቀል ቀረጡንና ማጓጓዣውን እንተወው። ዕቃውን ሁሉ በ700,000 ብር ሸጠና 130,000 ብር አተረፍሁ አለ። መዝገቡም እንዲሁ ይላል፤ ግብር አስከፋዩም የሚያየው ይህንኑ ትርፍ ነው። ነገር ግን ዕቃውን ለመተካት ወደ ባንክ ሲሄድ ዶላሩ 110 ብር ሆኖ ቢጠብቀው 700,000 ብሩ የሚገዛለት 6,360 ዶላር ያህል ብቻ ነው። ትርፉን ሳይነካ ሁሉንም መልሶ ቢያውል እንኳ ከዕቃው ከሢሶ በላይ ጠፍቷል። ከ130,000 ብሩ ላይ ግብር ከፍሎ፣ ለቤቱም ጥቂት ወስዶ ከሆነ ጉዳቱ የባሰ ነው። ቀረጡም የሚታሰበው በዕቃው ዋጋ ላይ በጊዜው ምንዛሪ ስለ ሆነ አብሮ ይጨምራል፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ደግሞ በግዢው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን ቀረጡም ተደምሮበት ስለሚሰላ ጭማሪው በጭማሪ ላይ ይደራረባል። ዶላር ነክቶ የማያውቀው የሰፈር ባለ ሱቅም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ባትሪውና አምፖሉ፣ ሳሙናው የተሠራበት ጥሬ ዕቃ እንኳ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነውና።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለጀማሪው እንግዳ ሊመስለው ይችላል። ትርፉን መቁጠር ያለበት ከገዛበት ዋጋ ተነሥቶ ብቻ ሳይሆን ከሚተካበት ዋጋም ተነሥቶ ነው። ለመንግሥት የሚቀርበው ሒሳብ በሕጉ መሠረት በተገዛበት ዋጋ ይያዛል፤ ለራሱ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ዕቃውን በገንዘብ ሳይሆን በቁጥር ሊቆጥር ይገባዋል። በመስከረም 400 ሳህን የነበረው ሰው በመጋቢት 310 ሳህን ቢኖረውና ዕዳው ባይቀንስ፣ የባንክ ሒሳቡ ምንም ያህል ቢያድግ፣ ከሥሯል።

ይህ ሲባል ግን በሱቁ ያለውን ዕቃ ሁሉ በአንድ ሌሊት ዋጋ ማስወደድ ወይም ደብቆ ማቆየት መፍትሔ ነው ማለት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ያለ አግባብ ዋጋ ጨምራችኋል፣ ዕቃ ደብቃችኋል ተብለው የታሸጉ ሱቆች እንደ ነበሩ ይታወሳል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ዋጋን ለጥፎ ማሳየትን፣ ደረሰኝ መስጠትን የሚያዝ፣ ዕቃ መከዘንን የሚከለክል ነው። የሚበጀው ዕቃው እየገባ እየወጣ ቶሎ ቶሎ እንዲመላለስ ማድረግ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ በዱቤ አለመበተን፣ የግዢ ሰነድን በሥርዓት መያዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በመዝገብ የታየውን ትርፍ እውነተኛ ነው ብሎ መኪና አለመግዛት ነው።

ወደ ውጭ ንግድ ለሚገባው ጀማሪ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ባሉት ብዙ ዓመታት የውጭ ምንዛሪ በወረፋ ይገኝ ስለነበር አንዳንድ ላኪዎች ቡናም ሆነ ሰሊጥ በኪሣራ ልከው ባገኙት ምንዛሪ ዕቃ በማስመጣት ኪሣራቸውን ያካክሱ ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ለ38 ዓይነት ዕቃዎች ባንኮች ምንዛሪ እንዳይፈቅዱ ታግዶ ነበር፤ እገዳውም በ2016ቱ ለውጥ ተነሣ። በዚያው ዓመት የገቢና የወጪ ንግድ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለ ሀብቶች በመመሪያ ተወስኖ ተከፍቷል። ስለዚህ ንግድን ከነባር አስመጪ ዘንድ የተማረ ወጣት የተማረው የወረፋውን ዘመን ብልሃት ሊሆን ይችላል። በኪሣራ ልኮ በማስመጣት ማትረፍ ሁለቱ ዋጋዎች ሲለያዩ የሚሠራ ሥራ ነበር፤ ልዩነቱ በጠበበ መጠን ኪሣራው ኪሣራ ሆኖ ይቀራል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስመጣ ሰው ከሻጩ ፕሮፎርማ ኢንቮይስ ተቀብሎ ባንክ ከመሄዱ በፊት አንድ የታመነ ትራንዚተር ዘንድ ሄዶ የዕቃውን የታሪፍ ቁጥር ቢያጣራ ብዙ ጣጣ ይቀርለታል። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ዕቃዎች በተለያየ ታሪፍ ሊመደቡ ይችላሉ፤ የጥራት ማረጋገጫ የሚጠየቅባቸውም አሉ፤ ይህ ሁሉ ዕቃው ሞጆ ደርሶ ሲታወቅ ምክሩ ዘግይቷል። ሌተር ኦፍ ክሬዲት ለመክፈት ባንኩ የሚጠይቀው ቅድሚያ ክፍያ ዕቃው እስኪመጣ ድረስ ተይዞ የሚቆይ ገንዘብ ነው። መርከቡ ጅቡቲ ደርሶ፣ ኮንቴይነሩ በባቡር ወይም በመኪና ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ተጓጉዞ፣ ሰነዱ ከባንክ ወጥቶ፣ ቀረጥና ታክሱ ተከፍሎ ዕቃው መጋዘን እስኪገባ ወራት ማለፋቸው አይቀርም። በሰነዱ ላይ አንድ ፊደል ወይም አንድ ቁጥር ተሳስቶ ቢገኝ ማስተካከያው ሲጠበቅ ነፃው ጊዜ ያልፍና የኮንቴይነር ዲመሬጅና የመጋዘን ኪራይ በየቀኑ ይቆጥራል። ከዚህም የተነሣ ልምድ ያላቸው አስመጪዎች ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር የመጀመሪያው ትእዛዝ ትንሽ ይሁን የሚል ነው። በርካሽ ማጓጓዝ አይሆንለትም፤ ነገር ግን የመንገዱን ወጪ በእጁ ያውቀዋል። ለቀረጡና ለታክሱ የሚሆነውንም ገንዘብ ከግዢው ጋር አብሮ ያላሰናዳ ሰው ዕቃው ደርሶለት ማውጣት አቅቶት ወለድ አራጣ ሲፈልግ ይታያል።

መቼ ይጀመር የሚለው ጥያቄ በቀላሉ ይታለፋል፤ ይሁን እንጂ በአገራችን የገበያው ዓመት የራሱ ሥርዓት አለው። ደብተርና የተማሪ ልብስ የሚነግድ ሰው ዕቃው በነሐሴ መጀመሪያ መደርደሪያ ላይ ካልተገኘ ጥቅምት ላይ ቢያገኘው የዓመት ዕዳ ይሆንበታል። የሠርግ ዕቃ የሚሸጥ ከጥምቀት በኋላ ያለውን ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉትን ወራት ይጠብቃል። ልኳንዳ ቤት ወይም የወተት ተዋፅኦ መሸጫ ለመክፈት ያሰበ ሰው የዐቢይ ጾምን 55 ቀኖች በሒሳቡ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል፤ በየካቲት ተከፍቶ ሁለት ወር ያህል ኪራይ ብቻ የከፈለ ሥጋ ቤት ታይቷል። በቡናና በሰሊጥ አገር ያለ ቸርቻሪ ደግሞ ገበሬው ምርቱን በሚሸጥበት ወራት የሚሸጠውን ያህል በክረምት አይሸጥም፤ በክረምት የሚጠየቀው ዱቤ ነው። ኪራዩ ግን የገበሬውን ወራት አይጠብቅም።

ስለ ግብርና ስለ ታክስ የሚባለው አጭር ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ በአገራችን በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ መጠኑ 15 በመቶ ሲሆን ተመዝጋቢው ነጋዴ ከደንበኛው የሚቀበለው የመንግሥት ገንዘብ ነው። በመሳቢያው 115,000 ብር ያለው ነጋዴ የራሱ 100,000 ብር ብቻ ነው፤ ቀሪው፣ በግዢ ጊዜ የከፈለው ታክስ ተቀንሶለት፣ የሚመለስ ነው። ይህን ገንዘብ በሌላ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ ከሁሉ ይሻላል። የታክስና የገቢ ግብር ሕጎች በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ስለ ተሻሻሉ ጀማሪው ደረጃውንና የምዝገባውን ወሰን ከነባር ነጋዴ ወሬ ሳይሆን ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ለቤቱ የሚወስደውም ገንዘብ እንዲሁ ሊወሰን ይገባል። ባለ ሱቁ ለራሱ ደመወዝ ቆርጦ በወር አንድ ቀን ሲወስድ ሱቁ ያተርፍ እንደ ሆነ ይታወቃል። ከመሳቢያው በየቀኑ ለአስቤዛ፣ ለለቅሶ፣ ለትምህርት ቤት እየተባለ ሲወሰድ ግን ሱቁ ይሁን ቤቱ የከሠረ አይለይም። ዘይቱና ስኳሩ ከመደርደሪያው ወደ ጓዳ ሲገባም እንደ ማንኛውም ሽያጭ ሊጻፍ ይገባል፤ የቤት እመቤቲቱም በዚህ ነገር ብትመከርበት ይበጃል፤ ብዙውን ጊዜ ከባለ ቤቷ ይልቅ ጥንቁቅ ሆና የምትገኘው እርስዋ ናትና።

በሽርክና የሚጀምሩ ወንድማማቾችና ጓደኛሞች ደግሞ መተማመናችን ይበቃል ብለው ውል ሳይጽፉ ይቀራሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ኀላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከ2 ባነሱ ሰዎች እንዲቋቋም አይፈቅድም ነበር። ስለዚህም ብዙ ነጋዴ ሚስቱን ወይም ወንድሙን ለስሙ ያህል አባል ያደርግ ነበር፤ ከዚያ የተነሣውም ሙግት ቀላል አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ግን ባለ አንድ አባል ማኅበር ማቋቋምን ስለ ፈቀደ ለስም ብቻ የሚገባ ሸሪክ መፈለግ ቀርቷል። እውነተኛ ሸሪክ ያለው ሰው ግን ማን ምን ያህል እንዳዋጣ፣ በጕልበት የሚሠራው ደመወዝ ይኑረው አይኑረው፣ አንዱ ልውጣ ቢል ዕቃው በምን ዋጋ እንደሚቈጠር በመጀመሪያው ሳምንት፣ ፍቅሩ ሳይቀዘቅዝ፣ ይጻፍ። ኀላፊነቱ የተወሰነ ነው መባሉም የሚጠቅመው ባለ ማኅበሩ ቤቱን ለባንክ እስካላስያዘና በግል ስሙ ዋስ ሆኖ እስካልፈረመ ድረስ መሆኑን ማወቅ ያሻል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሱቁ የማይሆንበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ነጋዴ ወረቱ ጨርሶ ሳያልቅ፣ ለአከፋፋዮቹና ለእቁቡ የሚከፍለው ሳለው ቢዘጋ ስሙን ይዞ ይወጣል፤ በሌላም ዓመት ዱቤ የሚሰጠው አያጣም። ሲዘጋ ግን በሩን ቆልፎ መሄድ አይበቃም። ፈቃዱን በጽሑፍ ያልመለሰ፣ ከግብር መዝገብም ስሙን ያላሰረዘ ሰው እንደሚሠራ ሆኖ ይቈጠራል፤ ከዓመታት በኋላ አዲስ ፈቃድ ሊያወጣ ሲቀርብ ተዘግቶ ለነበረው ሱቅ የግብርና የቅጣት ሒሳብ ይጠብቀዋል። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያውን ማስዘጋት፣ ያልተሠራባቸውን ደረሰኞች ማስረከብ፣ የግብር ክሊራንስ ተቀብሎ ፈቃዱን መመለስና ለመለሰበት ማስረጃ መያዝ ይኖርበታል፤ ይህንም ማስረጃ ከሱቁ ውል ጋር በአንድ ፋይል አድርጎ ያስቀምጥ።